በአፉ የሚጎርስ ጠመንጃ፤ ለገብርኤል ማኅበር ሥጋ ፍለጋ

የገብርኤል ማኅበርተኞች ሥጋውን በልታችኋል። መንገዱን የሄድኩት ግን እኔ ነኝ። በስልክም፣ በቤተ ክርስቲያን ደጅም «ጋሼ መኮንን፣ እንዴት ሆኖ ነው?» ትሉኛላችሁ። አንዱን ቀን ካንዱ እያምታታሁ መናገር ስለሰለቸኝ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ጽፌው ልገላገል። የተማርኩ ሰው አይደለሁም። ፊደል ቆጥሬ፣ ዳዊት ሳልጨርስ ነው ከየኔታ ዘንድ የወጣሁት። ያጣመምኩትን እናንተ እያቃናችሁ አንብቡ።

ነገሩ የተጀመረው በጥር፣ እዚሁ አውስትራሊያ፣ ሜልበርን ዳር ሜልተን ባለው በታደሰ ቤት ነው። ለማያውቀን ሰው ልናገር። ማኅበራችን በየወሩ በገብርኤል ቀን ባንዱ አባል ቤት ይሰበሰባል። ተራ የደረሰው ያበላል፣ ያጠጣል። እኔ ሙሴው ነኝ፤ የማኅበሩ አለቃ ማለት ነው። ታደሰ በዕድሜ ታናሼ ነው፤ በምላስ ግን ታላቄ። የዚያን ዕለት ጥብሱ ጥርሴ ላይ እንደ ጫማ ሶል ሆነብኝ። ዝም ብዬ መዋጥ ነበረብኝ፤ አልዋጥኩም።

«ይሄ በሬ የሞተው በእርጅና ነው» አልኩ።

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ታደሰ አልሳቀም። «እሺ ጋሼ፣ ሐምሌ የእርስዎ ተራ ነው። ኮሊንግዉድ ፎቅዎ ላይ ምን እንደሚያበሉን እናያለን። መቼም ሊፍቱ ከሠራ።»

«በኔ ተራ የምትበላው ራሴ አድኜ ያመጣሁትን አጋዘን ነው» አልኩት። ከየት እንደመጣልኝ እንጃ። ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው እኔም የሰማሁት።

የሁላችንም ታላቅ እትዬ ዘነበች አፋቸውን በነጠላ ሸፍነው፣ «አንተ መኮንን! መነጽርህን ፍሪጅ ውስጥ ረስተህ ቤቱን ስታተራምስ የከረምከው ባለፈው ሳምንት አይደለም እንዴ? አጋዘኑን በምን ልታየው ነው?» አሉ።

«ካላመጡስ?» አለ ታደሰ።

«ካላመጣሁ ሙሴነቱን ላንተ አስረክባለሁ።»

ያን ጊዜ ሳቁ ቆመ። ማኅበሩን ከስደተኛ ካምፕ እንደመጣን፣ አንድ ሶፋ የምንሞላ ሰዎች ሳለን፣ እኔ ነኝ ያቋቋምኩት። ሚስቴ አርፋለች፣ ከሥራ ጡረታ ወጥቻለሁ። በዚህ አገር ከሙሴነት ሌላ ማዕረግ የለኝም። ይህን ሁሉም ያውቃል፤ ታደሰም ያውቃል።

ቄሳችን ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «አጋዘን ሰኮናው የተሰነጠቀ፣ የሚያመሰኳ ነው። መጽሐፍም ዋላን ፈቅዷል፤ ይበላል። ነገር ግን ጋሼ መኮንን፣ ነፍሱ ሳትወጣ ደርሰው፣ ባርከው፣ ደሙን ካላፈሰሱት በክት ነው። በክት ደግሞ ማናችንም አንቀምስም።»

«አለቀ በሉት» አለ ታደሰ። «እዚህ አገር የሚተኮሰው ከሸለቆ ማዶ ነው። ጋሼ በከዘራ እስኪደርሱ የአጋዘኑ ተዝካር ይወጣል።»

 በማግስቱ ጠዋት ሬይ ዘንድ ደወልኩ።

ሬይ የዚሁ አገር ሰው ነው። የጎማ ፋብሪካ ውስጥ ስንት ዘመን ባንድ ማሽን ፊት ለፊት ቆመናል። እሱ «ማክ» ይለኛል፣ እኔ ስሙን እጠራዋለሁ፤ በእንግሊዝኛ አንቱ የለም፣ ምን ይደረግ። ጡረታ ሲወጣ ከሚስቱ ከጆአን ጋር ወደ ማንስፊልድ ተራሮች ገባ። አደን የልጅነት ሥራው ነው። የበክትን ነገር በተሰባበረ እንግሊዝኛዬ ባስረዳው ጊዜ እስከ መጨረሻው ሰማኝ።

«ስለዚህ ቅርብ ሆነህ መተኮስ አለብህ» አለ። «እንግዲያስ የምትፈልገው የኔን አሮጌ ነው። በአፉ የሚጎርሰውን።»

በአፉ የሚጎርስ ማለት እንዲህ ነው። ባሩዱም እርሳሱም በአፈ ሙዙ ነው የሚገባው፤ በዘንግ ይጠቀጠቃል፤ ከኋላው ትንሽ የመዳብ ቆብ ይለብሳል። አንዴ ትተኩሳለህ፤ ሳትህ ማለት አበቃ። ከሩቅ አይሆንም። አጋዘኑ ሲያመሰኳ ጉንጩ ሲንቀሳቀስ እስክታይ መጠጋት አለብህ። ለፈጣን ሰው አይመችም፤ እኔ ደግሞ የምቸኩልበት የለኝም።

የጠመንጃውንና የአደኑን ላይሰንስ ለማውጣት ወራት ፈጀ። ፈተናውን አንዴ ወደቅሁ፣ ሁለተኛ አለፍኩ። ሐምሌ ገባ፣ የሐዋርያት ጾም ተፈታ። የገብርኤል ቀን ሐሙስ ይውላል። ከዚያ በፊት ባለው ሐሙስ ተነሳሁ።

ሐሙስ

ልጄ ሰብለ ከሜድስቶን መጥታ ሳውዘርን ክሮስ ጣቢያ አደረሰችኝ። የአውቶቡሱን ቲኬት ቡክ ያደረገችውም እሷ ናት። ሻንጣዬ ከብዷት ከፈተችው። ጋቢ፣ ዳዊት፣ ዳቦ ቆሎ፣ ከሥር በጋዜጣ የተጠቀለለው የማረጃ ቢላዬ።

«ዳድ! ኖ! ይሄን ይዘህ ባስ ላይ ልትወጣ ነው? ፖሊስ ቢያይህስ?»

«ላርድበት ነው እለዋለሁ።»

«ዩ ካንት ሴይ ዛት!»

ጣቢያው መሐል ተጣላን፣ ጣቢያው መሐል ታረቅን፣ ቢላዬ ግን መኪናዋ ውስጥ ቀረ። አሳማ ነክቶት የማያውቅ ቢላ ነበር። ያለ እሱ ተሳፈርኩ።

መንገዱ ደልዳላ ነው። ሜዳው አረንጓዴ፣ አጥሩ ቀጥ ያለ፣ ላሞቹ እንደ ዝሆን። ሰው ግን የለም። እኛ አገር አውቶቡስ ገጠር ላይ ሲቆም ገበያው ራሱ በመስኮት ይገባል፦ ሎሚው፣ ቆሎው፣ «ሙዝ! ሙዝ!» የሚለው። እዚህ አውቶቡሱ ሲቆም ሾፌሩ ሰዓቱን ነግሮን ወረደ፣ ሁሉም ጭጭ ብሎ ዳቦ ቤት ተሰለፈ። እኔም ተሰልፌ ሥጋ ያለበት ፓይ አዘዝኩ። «አሳማ ነው?» አልኳት ሻጯን። «በሬ ነው፣ የኔ ፍቅር» አለችኝ። እዚህ አገር የማያውቁህ ሴቶች ናቸው የኔ ፍቅር የሚሉህ። ስገምጠው ምላሴ ተላጠ፤ እስከ ማንስፊልድ አፌን ከፍቼ ነው የሄድኩት።

ሬይ በጭነት መኪናው ጠበቀኝ። አርጅቷል። እሱም «አርጅተሃል» አለኝ። ቤታቸው ጫካው ጥግ ነው፣ ምድጃው በእንጨት ይነዳል። ሐምሌ ነው፤ አገር ቤትም ክረምት፣ እዚህም ክረምት። ሁለቱ አገሮች የተስማሙት በዚህ ብቻ ነው። ብርዱ የደብረ ብርሃን ብርድ ነው፣ ወንድሙ ነው ብትሉ ይሻላል። ጆአን የበግ ጥብስ ከነድንቹ አቀረበች። ሳህኔ ባዶ በሆነ ቁጥር ትሞላዋለች። «ብላ፣ በሞቴ» የሚለው ቃል በእንግሊዝኛ ባይኖርም ሥራው አለ።

አርብ

ጠዋት ማዕድ ቤቱ ጭስ በጭስ። ጆአን እንቁላልና የአሳማ ጥብስ ከምራልኝ ቆማለች። አርብ ነው። ጾም ነው። ላይ በላዩ አሳማ ነው።

«ጆአን፣ ዛሬ እንቁላል አልበላም» አልኳት።

«እሺ፣ ቤከኑን ብላ።»

«እሱን ደግሞ መቼም አልበላም።»

ፊቷ ጠየመ። ሬይ ሁለቱንም ሳህን ወደ ራሱ ሳበና «ማክ፣ እንዲህ ያለ እንግዳ በየሳምንቱ ና» አለ። ጆአን ግን አልሳቀችም፤ ቁጭ ብላ ጠየቀችኝ፦ ቅቤስ? ወተትስ? ሁሉንም አይ ስላት ተነስታ ጓሮ ወጣች። ዱባ ይዛ ተመለሰች። ቀኑን ሙሉ የበላሁት በዘይት የተሠራ የዱባ ሾርባ ነው። እናቴ ብትኖር ከዚህ በላይ አታደርግልኝም።

ያኔ ነው ሌላው ነገር የመጣብኝ። በቤቱ ያለው ቢላ ሁሉ አሳማ ቆርጧል። የኔ ደግሞ ሰብለ መኪና ውስጥ ነው። 

ከቁርስ በኋላ ሬይ ጠመንጃውን አወጣ። ረዥም ነው፣ ሰደፉ ከወይራ እንጨት የተሠራ ይመስል የጠቆረ። አስተማረኝ። ባሩዱን ሰፍረህ አፍስስ። እርሳሱን አፉ ላይ አድርገህ በዘንጉ እስከ ታች ጠቅጥቅ። ቆቡን አልብስ። ቃታውን ወደ ኋላ ሳብ፤ የሚያስተኩሰው ግን ከሥሩ ያለው ምላጭ ነው። ዒላማው ከዛፍ ላይ የተሰቀለ ካርቶን ነበር። ዛፉ ባሕር ዛፍ ነው፤ አዲስ አበባን የሸፈነው ዛፍ የመጣው ከዚህ እንደሆነ የገባኝ እዚህ መጥቼ ነው። ዘመድ ያየሁ ያህል ግንዱን መታ መታ አደረግሁት።

የመጀመሪያው ጥይት ካርቶኑን ሳተ፣ ትከሻዬን አልሳተም። ሁለተኛው ጠርዙን ቀደደ። ሦስተኛው ላይ ምላጩን ብስብ ቆቡ «ጣ!» ብቻ አለ። ጠመንጃው አልጮኸም።

«ባሩዱን አፈሰስክ?» አለኝ ሬይ።

አላፈሰስኩም። እርሳሱን ባዶ ሆዱ ላይ ጠቅጥቄዋለሁ። ሬይ ከመሣሪያ ሣጥኑ ብሎን የመሰለ ነገር አምጥቶ እርሳሱን ወግቶ እስኪያወጣው ድረስ ሻይ ቀዘቀዘ። «በቅደም ተከተል፣ ማክ። በቅደም ተከተል። ለራስህ ጮክ ብለህ ንገረው» አለኝ። ሰማሁት፤ ግን ልብ አላልኩትም።

በእራት ሰዓት የቢላውን ነገር አፈረጥኩት። ሬይ፣ «እንቀቅለዋለን» አለ። አይሆንም አልኩ። ጆአን ብድግ ብላ ወደ ውስጥ ገባች። ሣጥን ስትከፍት ሰማን። ነጭ ጥብጣብ የታሰረበት፣ እጀታው አጥንት የሆነ ረዥም ቢላ ይዛ መጣች።

«የሠርጋችን ኬክ የተቆረጠበት ነው» አለች። «ከዚያ ወዲህ አንድም ነገር አልነካም። አሳማ ኬክ ውስጥ አይገባም።»

«ለኔ ልደት እንኳን ወጥቶ አያውቅም!» አለ ሬይ።

«አንተ መቼ ሃይማኖት ኖረህ» አለችው።

ቢላው ደንዟል፤ ኬክ ምን ስለት ይፈልጋል። ድንጋይ ለምኜ ሳልኩት፣ ሳልኩት። የክንዴን ጠጉር ሲላጭ ተኛሁ።

ቅዳሜ

ገና ሳይነጋ ጋቢዬን ለብሼ ወጣሁ። ሬይ አይቶኝ፣ «ማክ፣ መንፈስ መስለሃል፣ አውልቀው» አለኝ። አረንጓዴ ካፖርትና ብርቱካንማ ቆብ ሰጠኝ። ከመኪናው ወርደን ጫካው ጥግ ላይ ጠመንጃውን አጎረስኩ፤ ባሩዱን አልረሳሁም። ከዚያ ነፋሱን ፊት ለፊት እየተቀበልን ሽቅብ። ሬይ አንድ እርምጃ ይራመዳል፣ ይቆማል፣ ያያል። በዚህ አካሄድ ቤተ ክርስቲያን ብንሄድ ቅዳሴ ያመልጠናል። ወደ ረፋዱ እጄን ያዘኝ። ከሥራችን ትንሽ ወንዝ አለ። ከወንዙ ዳር አንድ ሳምባር ቆሟል። ሳምባር የዚያ አካባቢ አጋዘን ስሙ ነው። ቁመቱ የወይፈን፣ ቀለሙ የተቆላ ቡና። እየጠጣ ነው። ዳዊት «ዋላ ወደ ውኃ ምንጭ እንደሚናፍቅ» ያለውን በዓይኔ አየሁት።

ቅርብ ነው። ሬይ የቆረጠልኝ ባላ እንጨት ላይ ጠመንጃውን አስደገፍኩ። ቃታውን ሳብኩ። ከዚያ፣ በግ ሲታረድ እንደማደርገው፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ «በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ!» አልኩ።

እንስሳው እንደ ጭነት መኪና ጥሩንባ አንዴ ጮኸ። ውሃው ተረጨ። ሌላ ነገር አላየሁም።

ሬይ ወደኔ ዞረ። «ማክ፣ ማንን ነው የጠራኸው?»

«እግዚአብሔርን።»

«ይሰማ የለም እንዴ? ለምን በሹክሹክታ አልጠራኸውም?»

«እግዚአብሔርን በሹክሹክታ የሚጠራ ሌባ ነው» አልኩት። ተናድጄም ነበር፤ አቋሜም ነው። ያለ ቡራኬ አልተኩስም። በቡራኬ ከተኮስኩ ደግሞ አጋዘን የሚጠብቀኝ የለም። ታደሰ ሜልተን ተቀምጦ ሲስቅ ታየኝ። ባዶ እጃችንን ከተራራው ወረድን።

እሑድ

ዝናብ። ጠዋት ወደ ምሥራቅ ዞሬ የምችለውን ያህል ጸለይኩ። ሬይ እስክጨርስ እንጨት ሳይፈልጥ ጠበቀኝ። ፈላጭ ሲጠብቅህ ክብር ነው።

ከሰዓት ዝናቡ ሲያባራ ካርቶኑ ላይ ለመለማመድ ወጣን። «ቅደም ተከተሉን ጮክ በል» አለ ሬይ ዳግመኛ። ባሩዱን ሰፍሬ ሳፈስ ቆምኩ። አፌ ላይ ምን እንደመጣ ታውቃላችሁ? «በስመ አብ።» እርሳሱን አገባሁ፣ «ወወልድ።» ቆቡን አለበስኩ፣ «ወመንፈስ ቅዱስ።» ቃታውን ሳብኩ፣ «አሐዱ አምላክ።» ተኮስኩ። ካርቶኑ መሐሉ ላይ ተበሳ።

የዘመኑ ጠመንጃ ቀጭ ቀጭ ነው፤ ስመ ሥላሴን የምታስገባበት ፋታ የለውም። ይሄኛው ግን ሲጎርስ ይባረካል፤ ጫካው ጥግ ላይ እየጮህኩ ብባርከው የሚሰማኝ አጋዘን የለም። ለቄሳችን ደወልኩ። ብዙ ሳቁ። «ጠመንጃውን መባረክ የሚከለክል የለም» አሉ። «ቢላውን ሲያነሱ ግን ይድገሙት። ነፍሱም ሳትወጣ፤ እሷን አይርሱ ጋሼ።»

እስኪመሽ ተለማመድን። ሬይ አጠገቤ ቆሞ እያንዳንዱን ቃል ይቆጣጠራል። አንዴ «ወወልድ»ን ዘልዬ ወደ ቆቡ ብሄድ፣ «ስቶፕ! እርሳሱ የት አለ?» ብሎ ጮኸብኝ።

ሰኞ

ውርጩ ሣሩን እንደ ጨው ነጭ አድርጎታል። በመኪናው ውስጥ ተጣላን። ሬይ፣ «ከተኮስክ በኋላ እንቀመጣለን። ሻይ እንጠጣለን። የተመታ አጋዘን ካላሳደድከው ቅርብ ይተኛል፤ ካሳደድከው ሸለቆ ይሻገራል። ይሄ የአደን ሕግ ነው» አለ።

«አንተ ሻይህን ስትጠጣ የኔ ሥጋ በክት ይሆናል። እኔ እሮጣለሁ።»

«አንተ? ትሮጣለህ?»

«እሮጣለሁ።»

መሪውን ይዞ አሰበ። «እንግዲያስ የቆመበት እንዲወድቅ አድርገህ ነው መምታት ያለብህ። ያ ካልታየህ አትተኩስ። ቃል ግባ።» ገባሁ።

ጫካው ጥግ ላይ በሙሉ ድምፄ አጎረስኩት። ሬይ ከራሱ ላይ ቆቡን አውልቆ ቆመ። ከዚያ ወጣን። ፀሐይ ወጣ እንዳለች ዳገቱ ላይ አንድ ወንድ ሳምባር አየን፤ ቀንዱ ገና ያልገነነ ወጣት። ሩቅ ነው። የሬይ ዓይን «ከዚህ አይሆንም» አለኝ። ጣቴ በላኝ። ቃሌንና ታደሰን ባንድ ላይ አሰብኩ። አልተኮስኩም። በሆዴ ተኛሁና መሳብ ጀመርኩ። ይሄ ጉልበት ሊፍቱ ሲበላሽ ፎቁን የሚወጣው ጉልበት ነው፤ ምስጋና ለሚበላሸው ሊፍት። እንደ ጃንጥላ የተዘረጋ ቅጠል ያለው የወንዝ ዳር ተክል ሥር ለሥር ሄድኩ። ውሃው በደረቴ ገባ። አንገቱን ቀና አደረገ፤ ሞትኩ። ዝቅ አደረገ፤ ዳንኩ። ጉንጩ ሲያመሰኳ አየሁት።

ባላውን ተከልኩ። ቃታውን በቀስታ ሳብኩ። ቡራኬው ውስጥ ነው ያለው፤ አፌን ገጠምኩ። ከክንዱ ኋላ አነጣጥሬ ምላጩን ሳብኩ።

ዓለም ሁሉ ጭስ ሆነ። ነጭ፣ የተቃጠለ እንቁላል የሚሸት። ሬይ ከኋላዬ «ቆይ! ማክ፣ ቆይ!» ይላል። ጠመንጃውን አስቀምጬ ጢሱ ውስጥ ገባሁ። ሮጥኩ። እውነቴን ነው፤ ሮጥኩ። አንዱ ጫማዬ ጭቃ ውስጥ ቀረ። ቆቤን ቅርንጫፍ ወሰደው። አንዴ በቂጤ ተንሸራትቼ ወረድኩ፤ ጊዜ ቆጠበልኝ። የጆአንን ቢላ ከነሰገባው በሁለት እጄ ይዣለሁ።

ከቆመበት ጥቂት ብቻ ተራምዶ ወድቋል። ሆዱ ከፍ ዝቅ ይላል። ዓይኑ አየኝ። በጀርባው በኩል ዞርኩ፣ ቀንዱን በጉልበቴ ያዝኩ፣ ፊቱን ወደ ምሥራቅ አዞርኩት። «በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ!» አልኩ፤ አሁን ማን ይከለክለኛል። ቢላው እንደ ቅቤ ገባ። ደሙ ወጣ፤ ሞቅ ብሎ፣ እንፋሎቱ እየተነነ፣ ሣሩ ላይ ፈሰሰ። ትንፋሹ ያን ጊዜ ነው የቆመው። እጄን ደረቱ ላይ አድርጌ አረጋገጥኩ።

ሬይ እያለከለከ ደረሰ። «ሞቷል?»

«አሁን ሞተ» አልኩት። «ያረድኩት እኔ ነኝ።»

ከዚያ ያደረግሁትን አልደብቅም። ባንድ ጫማ ቆሜ ፎከርኩ።

ዘራፍ! አካኪ ዘራፍ!
በአፉ የጎረሰ ጠመንጃ ታጥቄ፣
ከጢሱ የወጣሁ ስለቴን አጥብቄ፣
ያ ምላሰኛ ቢመጣ ይጠይቀኝ፣
ሽማግሌ ብሎ ማን ነበር የናቀኝ!

የአውስትራሊያ ወፍ ሁሉ ከዛፉ ተነሣ። ሬይ ምን እንዳልኩ አላወቀም፤ ጭብጨባውን ግን አላቋረጠም። ከዚያ ጫማዬን ፍለጋ ጭቃ ውስጥ በጉልበቱ ገባልኝ።

ማክሰኞ

አውርደን ያስገባነው ሥጋ የሬይን ጋራዥ ሞላው። ስንገፍና ስንበልት ዋልን። እኛ ብልቱን በስሙ እናወጣለን፤ ሬይ ባንድ መጋዝ ሊጨርሰው ነበር። ከልክዬ አሳየሁት። ቢላውን ግን አላበደርኩትም። በትኩስ ውሃ አጥቤ፣ ጥብጣቡን መልሼ አስሬ ለጆአን ብሰጣት እጇን አልዘረጋችም።

«ለማኅበሩ ቀን ይዘኸው ሂድ» አለች። «እንዲያውም እኛው እናደርስሃለን። ያን ሁሉ ሥጋ ይዘህ አውቶቡስ ላይ ልትወጣ ነው?»

ረቡዕ

በሬይ መኪና፣ በበረዶ ሣጥን፣ ሦስታችን ከፊት ወንበር ላይ ተጣብቀን ሜልበርን ገባን። ሊፍቱ ሠራ። እትዬ ዘነበች ቤቴ በር ላይ ሽንኩርታቸውን ይዘው ቆመዋል። ሥጋውን ጎንበስ ብለው አዩ፣ አሸተቱ፣ ወዲያ ወዲህ አገላበጡ።

«መኮንን?»

«አቤት እትዬ።»

«ካሰብኩት አይቀር ልናገረው። በግ አስመስለው ነው እንዴ የሸጡልህ?»

ቀንዱን ከማዳበሪያ ጆንያ አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት። እትዬ ዘነበች እልል አሉ። ጎረቤት በር ተከፈተ።

ሐሙስ፣ ገብርኤል

ቤቴ ጠበበ። ሬይና ጆአን ሶፋው ላይ ቄሳችን አጠገብ ተቀመጡ። ጸሎቱ አለቀ፣ ጠበሉ ጠጅ ሆኖ ዞረ። ዳቦውን ቄሳችን በጆአን ቢላ ቆረሱት፤ ጆአን ስታየው ዓይኗን በእጇ ጀርባ ጠረገች። ከዚያ ወጡ ወጣ። ማንም እጁን አልሰደደም። ሁሉም ቄሱን ያያል።

«ነፍሱ ሳትወጣ ደረሱ?» አሉኝ።

«ደረስኩ፣ አባቴ። ደሙ በእጄ ፈሰሰ።»

«ጋሼ፣ እርስዎ ዋሽተው አያውቁም» አለ ታደሰ። «ግን ሙሴነት ያህል ነገር ነው። ምስክር ቢኖር አይከፋም። በተለይ ባረኩ የሚባለውን ማን ሰማ?»

ጥያቄውን ለሬይ በእንግሊዝኛ ነገርኩት፦ ከመተኮሴ በፊት ምን እንዳልኩ ይጠይቁሃል አልኩት። ሬይ ሶፋው ላይ ሆኖ ሊነግራቸው ጀመረ፣ አልተመቸውም። ተነስቶ መሐል ወጣ። በባዶ እጁ ጠመንጃ ያዘ። ባሩድ አፈሰሰ።

«በስመ አብ» አለ።

 ሬይ እርሳሱን አገባ፣ በሌለው ዘንግ ጠቀጠቀ።

«ወወልድ።»

ቆቡን በሁለት ጣቱ አለበሰ።

«ወመንፈስ ቅዱስ።» ቃታውን ሳበ። «አሐዱ አምላክ።»

«አሜን!» አሉ ቄሱ፤ ቤቱም ተከትሎ «አሜን!» አለ፤ እትዬ ዘነበች ደግሞ ከሁሉ ጮክ ብለው። ሬይ ደንግጦ ወደ ኋላ አለ። «ማክ፣ ተሳሳትኩ እንዴ?» አለኝ። አንድም አልተሳሳትክም አልኩት።

ቄሳችን ባረኩና ቀመሱ። ቀጥሎ ሁሉም ታደሰን አየ። እሱ እንጀራውን ቆረሰ፣ ትልቁን ሥጋ ጠቀለለ፣ ጎረሰ። አኘከ። ረጅም ጊዜ አኘከ፤ ሆን ብሎ ነው፣ አውቀዋለሁ። ዋጠ። ጣቱን ላሰ።

«ታዲያስ?» አልኩት።

ለማንም ሳያጎርስ ሁለተኛውን ጉርሻ ጠቅልሎ ተነሳና ወደኔ ዘረጋው።

«ይሄስ በእርጅና አልሞተም፣ ሙሴ» አለ።